ስሙ ያለባቸው ቅዶች

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን መቀስ እያሉ የሚጠሯት ሴት ጆሮ ምን እንደነካው እንጃ፣ ዘመድ ልሁን ብሎ ለእሷ ያልታሰበውን ሁሉ ይዞላት መጣ። ባልዲዋን ይዛ ወደ መታጠቢያው ስታልፍ፣ ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ወዲያ የወንድሟ ሚስት «ሠራተኛ ብለህ ጻፋት» ስትል ሰማች። እግሯ እዚያው ቀረ። «ጥሩ ደሞዝ ቁረጥላት፣ ማን ከለከለህ። ሸሪክ ምናምን እያልክ ግን ጣጣ አታምጣብን። ነገ ሰው አግብታ ድርሻዬን ብትልስ? የቦርሳ ቅዶቹንም በስምህ አስገባቸው፤ ስምህ ተጽፎባቸው የለ እንዴ?» መቀስ ባልዲውን መሬት ሳታስነካ፣ እጀታው ጣቷን እየቆረጣት፣ የወንድሟን መልስ ጠበቀች። ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ተሰማ። ወረቀት ተገለጠ። እስክሪብቶ ጫር ጫር አደረገ። ከወንድሟ አፍ የወጣው «ሻይው ቀዝቅዟል» የሚል ብቻ ነበር።

ያንገበገባት የወንድሟ ሚስት የእትዬ ንግግር አልነበረም። እትዬ እንደሆነች የሚያስፈራትን ሁሉ በአፏ የምታወጣ ሴት ናት፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም ጣሪያው ሊሄድ ነው የምትል፣ ልጅ ሲያስነጥስ ሐኪም ቤት የምትሮጥ። ለመቀስ በአርባ ሦስት ዓመቷ፣ በሐሳቧም ቢሆን፣ ባል ያገኘችላትም እሷ ብቻ ናት። ያንገበገባት የወንድሟ የጋሼ ዝምታ ነው። ወንድሟ ቦርሳ ተሸክሞ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ሲሸጥ፣ «አልፈልግም» ያለውን ባለሱቅ ሁለት ደርዘን አሸክሞ የሚወጣ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ምላስ የት ሄዶ ነው ስለ ገዛ እህቱ ሲጠየቅ ሻይ የቀዘቀዘበት? ፊቷን ታጥባ ሳትጨርስ ሁለተኛ ታጠበች። ፎጣውን ከረሳችበት ፈልጋ ስታገኘው ትከሻዋ ላይ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ሺህ የተማሪ ቦርሳ እንፈልጋለን፣ የምንገዛው ግን በሕግ ከተቋቋመ ድርጅት ብቻ ነው ብለው ነበር። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ወንድምና እህት አብረው ሦስት ፎቅ ወጥተው ጠበቃ ቀጠሩ። ጠበቃዋ የሚሞላ ወረቀት ሰጠቻቸው፤ ሸሪኮቹ እነማን ናቸው፣ እያንዳንዱስ ምን ያዋጣል የሚል። ተሞልቶ የሚመለሰው፣ የሚፈረመውም ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቁርስ ላይ ያ ወረቀት ለአራት ታጥፎ ከጋሼ የደረት ኪስ ውስጥ ብቅ ብሎ ታያት። እትዬ ዳቦ ቆርሳ ከሁሉም ትልቁን ለመቀስ ሰጠቻት። ይህ ደግሞ የባሰ አናደዳት፤ ሰው ክፉ ከሆነ ምናለ ከጠዋት እስከ ማታ ክፉ ቢሆን!

«መታወቂያሽን እንዳትረሺ» አለ ጋሼ፣ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ።

«አልረሳም።»

«ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።» ጠረጴዛው ተነሳ።

መሥሪያ ቤታቸው ከቤቱ ሥር ያለ፣ መስኮቱ ከእግረኛ መንገድ እኩል የሆነ ክፍል ነው። ከውስጥ ሆኖ ላየው፣ ሕዝቡ ሁሉ ከጉልበቱ በታች ብቻ ይታያል። ሁለት የስፌት መኪና፣ የማስቲሽ ቆርቆሮ፣ የገበር ጨርቅ ጥቅል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በምስማር የተሰቀሉ ቅዶች አሉ። ቅድ ማለት ከካርቶን የተቆረጠ የቦርሳ ልክ ነው፤ ቆዳውን ከሥሩ አንጥፈው፣ ዙሪያውን ተከትለው ይቆርጡበታል። ቅዱ ግማሽ ጣት ከተሳሳተ ቦርሳው ዕድሜ ልኩን ያነክሳል። አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት ናቸው፣ ሁሉንም ያወጣቻቸው መቀስ ናት። በየጥጋቸው ላይ ግን በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው የጋሼ ስም ነው፤ ከነአባቱ፣ በእሷው በመቀስ እጅ ጽሑፍ። ከላይ፣ ከሁሉም ከፍ ያለው ምስማር ላይ የተሰቀለው ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ አሮጌ ቅድ ብቻ ስሙ በእርሳስ ተጽፎበታል።

ቦርሳ ሰፊው ሥራ ጀምሯል። ይህን ሰውዬ ሰፈሩ ሬዲዮ ነው የሚለው፤ ለአንድ ደቂቃ ከዘጋ ባትሪው አለቀ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ዳይሬክተር ልንልሽ ነው» አላት ገና ስትገባ። «ወንበር ይገዛልሻል። የሚሽከረከር። እኔን ስታባርሪ እንኳ ዞር ብለሽ ነው የምታባርሪኝ።» ሌላ ቀን ቢሆን በአንድ ቃል ከወገቡ ትቆርጠው ነበር፤ ቅጽል ስሟን ያገኘችው በእጇ በያዘችው ትልቅ ባለጥቁር እጀታ መቀስ ብቻ አይደለም፣ በምላሷም ጭምር ነው። ዛሬ ግን ቀዩን ቆዳ አንጥፋ፣ ቅዱን ደፍታ ዝም ብላ ቆረጠች። ሬዲዮ የቆዳ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ስንት እንደጨመረ፣ ነጋዴዎቹ እንዴት እንደሚደብቁ፣ የቤት ኪራዩም በዚያው እንደሚከተል ያወራል። ዚፕ እንኳ በሜትር መሸጥ ቀርቶ በፍሬ ሆኗል ይላል። በመጨረሻ የቆረጠቻቸውን ሁለቱን የቦርሳ ጎኖች ከመኪናው ሥር አስገብቶ ሊገጥም ሲል አፉ ተዘጋ። መኪናውን አቁሞ ቆዳዎቹን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረጋቸው። ሁለቱም ግራ ናቸው። ቀኝ የለውም ቦርሳው።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አላት፣ ቀልዱን ትቶ።

«እጄን ያዘኝ» አለችና ሽርጧን ፈታች። ስድስት ሰዓት ሳይሆን ታክሲ ውስጥ ነበረች። ረዳቱ ሂሳብ ሲላት ሁለቴ ልትከፍል ነበር፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ነው «ከፍለሻል እህቴ» ያላት።

የጠበቃዋ ቢሮ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠበቃዋ እራሷ ግን እግሯ ጄሶ ውስጥ ነው፤ እንዴት እንደወጣች ማንም አይጠይቃትም፣ የጠየቃትም «በሕግ አግባብ» የሚል መልስ ነው ያገኘው። የተጀሰሰ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ፣ ከመሳቢያ ውስጥ ለውዝ እየፈለፈለች ትበላለች። ዕድሜዋ ከሃምሳ ያልፋል፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ ደንበኛዋን በባዶ ዓይን፣ ወረቀቱን በመነጽር ነው የምታየው። መቀስ ገብታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አፏን ስትከፍት ጠበቃዋ እጇን አነሳች።

«ከመናገርዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። የቀጠራችሁኝ ሁለታችሁም ናችሁ፣ ሁለታችሁም ፈርማችኋል። እርስዎ ብቻዎን መጥተው የሚነግሩኝን ከወንድምዎ ልደብቅ አልችልም። እሳቸውም የሚነግሩኝን ከእርስዎ። ምሥጢር ከሆነ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሌላ ጠበቃ አለ፣ ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይወደዳል እንጂ።»

መቀስ ያዘጋጀችው ንግግር በሙሉ ከንቱ ሆነ። በታክሲ ውስጥ ስታሰማምረው የመጣችው ነው፤ እትዬ ያለችውን፣ ጋሼ ያላለውን። ሁለተኛ ፎቅ ልውረድ? ወርዳ ስለ ጋሼ ለማታውቀው ሰው ክፉ ልታወራ? እንደዚያ ማድረግ አልሆነላትም። ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አንስታ መሬት አስቀመጠች፣ መልሳም አነሳችው። «እንዲያው ለማወቅ ያህል» አለች በመጨረሻ፣ «ገንዘብ የሌለው ሰው፣ እጁ ብቻ ያለው ሰው፣ ሙያውን መዋጮ ነው ብሎ ማስመዝገብ ይችላል?»

«አይችልም። ጉልበትና ሙያ መዋጮ አይሆንም። ሕጉ ነው፣ እኔም አልወደውም። ወይ ገንዘብ፣ ወይ ዕቃ።»

«የቦርሳ ቅድስ?»

«ቅድ ዕቃ ነው። ግምት ይወጣለታል፣ በግምቱ ልክ ድርሻ ይሰጣል። የማን እንደሆነ ከታወቀ ማለት ነው።»

«የማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?»

«ስም ከተጻፈበት ቀላል ነው» አለች ጠበቃዋ፣ የለውዙን ገለባ እፍ እያለች። ከዚያ የመቀስን ፊት አየችና ለውዙን ትታ መነጽሯን አወለቀች። «ስም ባይጻፍበትም፣ ወይም የሌላ ሰው ስም ቢጻፍበትም፣ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለታችሁም ባላችሁበት እጠይቃለሁ። ሁሉንም ነው የምጠይቀው፣ ልማዴ ነው። ያኔ የሚናገር ሰው መኖር አለበት። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። ስም! በገዛ እጇ፣ በገዛ እስክሪብቶዋ! ከአሥር ዓመት በፊት ጅምላ ነጋዴዎቹ ወደ ምድር ቤቱ ወርደው ሞዴል ሲመርጡ፣ «ማነው ያወጣው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። «እኔ ነኝ» ስትላቸው ዋጋውን በግማሽ ይሰብሩታል፣ «ያው የሴት ሥራ ነው» ይላሉ። አንድ ቀን ሰልችቷት «ወንድሜ ነው» አለች። ሰውዬው ቅዱን ገልበጥ አድርጎ አየና ሳይከራከር ከፈለ። በማግሥቱ መቀስ ቀይ እስክሪብቶ ገዝታ ተቀመጠችና በሁሉም ላይ የጋሼን ስም ጻፈችባቸው። ጋሼ ከገበያ ተመልሶ ሲያይ ግድግዳው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመ። በሳምንቱ ያንን ባለጥቁር እጀታ መቀስ ገዝቶላት መጣ። የዚያ ሁሉ ብልጠት ዋጋ ዛሬ ሊከፈል ነው፤ ነጋዴውን ላታልል ብላ ራሷን ከግድግዳው ላይ ፍቃ ኖራለች።

ምድር ቤቱ ስትደርስ ሬዲዮ ምሳ ወጥቷል። ቅዶቹን ከየምስማሩ አወረደቻቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ክምር ሠሩ። ከኪሷ ካተሯን አወጣች። ስሙ የተጻፈው ጥጉ ላይ፣ ለስፌት በሚተወው ትርፍ ላይ ነው። አንድ ጣት ስፋት ያለው ጥግ ቢቆረጥ ስሙ አብሮ ይሄዳል፣ ማን ነው የሚያውቀው? የመጀመሪያውን አመቻችታ ካተሩን ሳበች። ግማሽ እንደደረሰች ቆመች። ትርፉ ከሄደ ቦርሳው ይጠባል፣ ዚፑ አይገጥምም፣ ያ ሁሉ ልክ ውሸት ይሆናል። ይህን የሚያውቀው ጭንቅላቷ ሳይሆን እጇ ነው፤ እጇ እምቢ አለ። ደግሞ ምን ልትል ነው? ሌባ እንደገባበት ሱቅ ተቆራርጦ ያየው ሰው ምን ይላል? የቆረጠችውን በፕላስተር ለጠፈች። ሁሉንም በማዳበሪያ ከረጢት ከትታ፣ ትከሻዋ ላይ ጥላ ወጣች። ለከረጢቱም የሰው ሂሳብ ክፈይ ሲላት ከረዳቱ ጋር አልተከራከረችም።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ጋሼ ጠበቃዋ ቢሮ መጣ፣ ያቺኑ ለገበያ የሚለብሳትን ጃኬት ለብሶ። ከረጢቱን አየ፣ እህቱን አየ፣ ወረቀቱን አውጥቶ ለጠበቃዋ ሰጠ። «እዚህ ቢሮ ያልተነበበ አይፈረምም» አለችና ጠበቃዋ መነጽሯን አውርዳ ጮክ ብላ አነበበች። ሸሪኮች ሁለት፤ እሱና ባለቤቱ። መዋጮ፤ ይህን ያህል ጥሬ ገንዘብ፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት የቦርሳ ቅድ፣ ንብረትነቱ የእሱ። የምርት ኃላፊ፤ እህቱ፣ በወር ደሞዝ። የደሞዙ ቦታ ባዶ ነበር። አንብባ ስትጨርስ ጋሼ የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ሳበ፣ ወደ ታች መለሰ።

«ቅዶቹ የማን ናቸው?» አለች ጠበቃዋ።

«ስሜ አለባቸው» አለ ጋሼ ቀስ ብሎ። «እሷው ናት የጻፈችልኝ።»

መቀስ ከረጢቱን ከፍታ የመጀመሪያውን ቅድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስትናገር የምታየው ቅዱን ነው። «አልጻፍኩልህም ጋሼ። ነጋዴዎቹ ሴት ናት ያወጣችው ሲሏቸው በግማሽ ስለሚሰብሩት ነው። የጻፍኩት ለእነሱ ነው። ቅዶቹ የኔ ናቸው። ጠዋት ደግሞ በኮምፔንሳቶው በኩል ሁሉንም ሰምቻለሁ። እትዬን አይደለም፣ አንተን ነው የምለው። አንድ ቃል ጠብቄ ነበር፣ ሻይው ቀዝቅዟል አልክ።»

ጠበቃዋ ለውዙ ያለበትን መሳቢያ በቀስታ ዘጋች። ጋሼ ቅዱን አንስቶ ቀዩን ጽሑፍ አየው፣ በአውራ ጣቱ ደባበሰው። ፊቱ ሲጠቁር መቀስ ተቆጣ ብላ ነበር፣ ቁጣ አልነበረም። «ለነጋዴዎቹ!» አለ። «እኔ እኮ… እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ታች አውርጄ፣ እህቴ የሠራችውን ሁሉ ስሜን ትጽፍበታለች እያልኩ አሳይ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ። ያን መቀስ ለምን የገዛሁልሽ መስሎሻል? ምን ብዬ ላመስግናት ብዬ ሳምንት ሙሉ ሳስብ ከርሜ ነው።»

«አላወቅኩም» አለች መቀስ። አላወቀችም ነበር፣ እውነቷን ነው። ያ መቀስ ለሥራ የተገዛ ዕቃ ነበር የሚመስላት።

«ጠዋትም ዝም ያልኩት… ስሜን ራሷ ከጻፈችባቸው፣ ወረቀቱ ላይ ብጽፈው ምን ነውር አለው ብዬ ነው» አለ። ወዲያው ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ አይደለም። ነውሩን አውቄዋለሁ። ባላውቀው ኖሮ የደሞዙን ቦታ እሞላው ነበር።»

ጠበቃዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና ሥራዋን ቀጠለች። ሸሪክ ሦስትም መሆን ይቻላል አለች። ቅዶቹ ተገምተው በእህቱ ስም መዋጮ ይሆናሉ፤ ነገር ግን ነገ ጥያቄ እንዳይነሳ በያንዳንዱ ላይ፣ ከስሙ ጎን፣ ጋሼ «የእህቴ ነው» ብሎ መፈረም አለበት። አንድ በአንድ። ጋሼ ጃኬቱን አወለቀ። መቀስ ከከረጢቱ እያወጣች ታቀብለዋለች፣ እሱ ይፈርማል፣ ጠበቃዋ ቁጥሩን ትመዘግባለች። ሠላሳ ሲደርስ እጁን አራገፈው። ፕላስተር የተለጠፈበት ጋ ሲደርስ «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አላት። «ስምህን ልቆርጠው ነበር» አለችው። ፕላስተሩን በጣቱ ተጭኖ ፈረመበት። መቶ ላይ እስክሪብቶው አለቀ፣ የጠበቃዋ ጸሐፊ ሌላ አመጣች። ከመስኮቱ ውጭ ያለው የመኪና ጩኸት እየበዛ ሄደ። ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ደርሷል፣ ማንም ግን ሰዓቱን አላየም።

በከረጢቱ ሥር አንድ ቀረ። የብስኩት ካርቶኑ። መቀስ ቀስ ብላ አወጣችው። ከባሏ ቤት በአንድ ሻንጣ ወጥታ ስትመጣ ጋሼ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ በሩን የከፈተላት ዓመት፣ ሴት ልጁ ትምህርት ቤት ስትገባ የምትይዘው ቦርሳ አልነበረም። ለልጅቷ ያንን ቅድ ነበር ያወጣችው፤ ካርቶኑም የቤቱ፣ እርሳሱም የልጅቷ። የጋሼን ስም ስትጽፍበት ነጋዴ ገና በደጃቸው አልደረሰም ነበር። ጋሼ ቅዱን ተቀብሎ በእርሳስ የተጻፈውን አነበበ፣ እስክሪብቶውን አስጠጋ፣ ግን አልጻፈም።

«ይቺስ?» አለ። «ይቺም ለነጋዴዎቹ ናት?»

መቀስ እጇን ዘርግታ እስክሪብቶውን ከጣቱ ላይ ወሰደችበት። «ተዋት ጋሼ» አለች። «እሷ ያንተ ናት።»

ጠበቃዋ በእህትየው መዝገብ ላይ አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት ያለውን ሰርዛ አንድ መቶ ሠላሳ ስድስት አለች። በሌላው፣ በወንድምየው ስም ሥር፣ «የልጅ ቦርሳ ቅድ፣ ከካርቶን፣ አንድ» ብላ ጻፈችና መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች።

«ግምቱስ?» ብላ ጠየቀች።

ወንድምና እህት ተያዩ፤ ጋሼ ካርቶኑን ከጠረጴዛው አንስቶ ብብቱ ሥር ከተተው።